«ጉድ» ወይስ «ዌል»? የእንግሊዝኛን ቅጽልና ተውሳከ ግስ ለመለየት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

እንግሊዝኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ደጋግሞ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። «ሺ ሲንግስ ቢዩቲፉል» ይላል። «ሂ ድራይቭስ ኬርፉል» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ስህተቱ ግን ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ከራሱ ከአማርኛው ነው የመጣው። እኛ «ቆንጆ ልጅ» እንላለን፤ «ቆንጆ ትዘፍናለች»ም እንላለን። «ጥሩ ሰው» እንላለን፤ «ጥሩ ይጽፋል»ም ያስኬዳል። ቃሉ ምንም ሳይለወጥ ሰውንም ድርጊትንም ይገልጻል። እንግሊዝኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መልክ ይፈልጋል። ሰውን ወይም ነገርን ሲገልጽ አንድ፣ ድርጊትን ሲገልጽ ሌላ። የመጀመሪያው ቅጽል ነው፣ ተማሪዎች አድጀክቲቭ የሚሉት። ሁለተኛው ተውሳከ ግስ ነው፣ አድቨርብ።

ብዙ ተማሪ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ «መጨረሻው ላይ ሊ ካለ አድቨርብ ነው» የሚለውን። ይህ ሕግ ግማሽ መንገድ ወስዶ ሜዳ ላይ የሚጥል ሕግ ነው። «ፍሬንድሊ» መጨረሻው ሊ ነው፤ ግን ቅጽል ነው። «ፋስት» ሊ የለውም፤ ግን ተውሳከ ግስ መሆን ይችላል። ስለዚህ ከቃሉ ጭራ አንነሳም። ከሥራው ነው የምንነሳው።

ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ድምፅ እያወጣችሁ አንብቧቸው፣ ከዚያ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛው ፊደል ገልብጧቸው። እጅ የጻፈውን ጭንቅላት አይረሳውም።

አንደኛ፦ ቃሉ ምኑን እንደሚገልጽ ጠይቁ

የተጠራጠራችሁበትን ቃል አስምሩበት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህ ቃል የሚገልጸው ምኑን ነው? መልሱን ስታገኙ ከቃሉ ወደተገለጸው ነገር በእርሳስ ቀስት አድርጉ።

«ዘ ኬርፉል ድራይቨር ስቶፕድ» የሚለውን ውሰዱ። ጠንቃቃው ሹፌር ቆመ። «ኬርፉል» የሚገልጸው ሹፌሩን ነው። ሹፌር ስም ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ቅጽል ነው። አሁን «ዘ ድራይቨር ስቶፕድ ኬርፉሊ» በሉ። ሹፌሩ በጥንቃቄ ቆመ። ቀስቱ ወደ «ስቶፕድ» ሄደ። እሱ ግስ ነው፤ ስለዚህ «ኬርፉሊ» ተውሳከ ግስ ነው።

ሕጉ በአጭሩ ይህ ነው። ቀስቱ ወደ ስም ወይም ወደ ተውላጠ ስም ከሄደ ቃሉ ቅጽል ነው። ወደ ግስ፣ ወደ ቅጽል፣ ወደ ሌላ ተውሳከ ግስ ወይም ወደ ሙሉው ዓረፍተ ነገር ከሄደ ተውሳከ ግስ ነው።

የቀስቱን ጥቅም በደንብ የሚያሳዩ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። «ሺ ስፒክስ ጉድ ኢንግሊሽ» እና «ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል»። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚሉትም ያው ነው ማለት ይቻላል። ግን በመጀመሪያው «ጉድ» የሚገልጸው ቋንቋውን ነው። በሁለተኛው «ዌል» የሚገልጸው አነጋገሯን ነው። የማይሆነው «ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ ጉድ» ነው፤ ምክንያቱም ድርጊቱን ለመግለጽ የተላከው ቅጽል ነው። «ሺ ስፒክስ ዌል ኢንግሊሽ»ም አይሆንም። እንግሊዝኛ በግሱና በተሳቢው መካከል እንዲህ ያለ ቃል ሲገባ አይወድም። ተሳቢው ከግሱ ጋር ይጣበቅ፣ ተውሳከ ግሱ ከኋላ ይምጣ።

ሁለተኛ፦ አማርኛውን መፈተኛ አድርጉት

ያሳሳተን አማርኛ ራሱ መፍትሔም ይዟል። አማርኛ እንደ «ቶሎ» እና «ክፉኛ» ያሉ ለግስ ብቻ የተፈጠሩ ቃላት ጥቂት ናቸው ያሉት። የድርጊትን ሁኔታ ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መንገድ እንጠቀማለን። «በ»ን እንጨምራለን፦ በፍጥነት፣ በጥንቃቄ፣ በደስታ። ወይም «ብሎ» እና «አድርጎ» እናስከትላለን፦ ቀስ ብሎ፣ ጥሩ አድርጎ።

መፈተኛው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡን በአማርኛ በሉትና ከቃሉ ኋላ «አድርጎ» ወይም «ብሎ» አስገቡ፤ ወይም ቃሉን በ«በ» ቀይሩት። ትርጉሙ ሳይበላሽ ከተቀበለው እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ተውሳከ ግስ ይፈልጋል። «ቆንጆ ትዘፍናለች» «ቆንጆ አድርጋ ትዘፍናለች» ይሆናል። ስለዚህ «ሺ ሲንግስ ቢዩቲፉሊ»። «ጥሩ ይጽፋል» «ጥሩ አድርጎ ይጽፋል» ይሆናል። ስለዚህ «ሂ ራይትስ ዌል»።

ለቅጽሉ ደግሞ «ሆኖ»ን ሞክሩ። ይህን ጥንድ በጥሞና እዩት፦

«አይ ፋውንድ ዘ ኤግዛም ኢዚ»። ፈተናውን ቀላል ሆኖ አገኘሁት።

«አይ ፋውንድ ዘ ኦፊስ ኢዚሊ»። ቢሮውን በቀላሉ አገኘሁት።

በመጀመሪያው ቀላል የሆነው ፈተናው ነው። በሁለተኛው ቀላል የነበረው ፍለጋው ነው። ግሱ ያው «ፋውንድ» ነው፤ ተሳቢው ያለበት ቦታም ያው ነው። የአማርኛው «ሆኖ» እና «በቀላሉ» ግን ልዩነቱን ቁልጭ አድርገው ያወጡታል።

መፈተኛው የማይሠራበት አንድ ቦታ እንዳለ ልብ በሉ። «ሂ ፔይንትድ ዘ ዎል ዋይት» ስንል በአማርኛ «ግድግዳውን ነጭ አድርጎ ቀባው» ነው። «አድርጎ» አለ፤ ግን «ዋይት» ቅጽል ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሲያጋጥማችሁ «ሥራው ሲያልቅ ግድግዳው ነጭ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ከሆነ የተገለጸው ግድግዳው ነው። ቀስቱ ሁልጊዜ ከመፈተኛው ይበልጣል።

ሦስተኛ፦ ድርጊት የማይናገሩትን ግሶች ለዩ

ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። «ግስን የሚገልጸው አድቨርብ ነው» የሚለውን ሕግ አጥብቆ ይይዝና ከግስ ኋላ የመጣውን ሁሉ ሊ ይቀጥልበታል። እንግሊዝኛ ግን ድርጊት የማይናገሩ፣ ባለቤቱን ከሁኔታው ጋር ብቻ የሚያገናኙ ግሶች አሉት። ሊንኪንግ ቨርብ ይባላሉ። ዋናው «ኢዝ» እና ዘመዶቹ ናቸው። ከነሱ ጋር «ሲም»፣ «ቢካም»፣ «ስቴይ»፣ እንዲሁም የስሜት ሕዋሳት ግሶች የሆኑት «ሉክ»፣ «ፊል»፣ «ስሜል»፣ «ቴስት» እና «ሳውንድ» አሉ። ከእነዚህ ኋላ የሚመጣው ቃል የሚገልጸው ባለቤቱን ነው። ስለዚህ ቅጽል ይሆናል።

«ዘ ሱፕ ቴስትስ ጉድ»። ሾርባው ጥሩ ነው፣ ይጣፍጣል። ሾርባው ራሱ ምንም አልቀመሰም። «ጉድ» የሾርባው ጠባይ ነው። አሁን «ዘ ኩክ ቴስትድ ዘ ሱፕ ኬርፉሊ» በሉ። ወጥ ቤቷ ሾርባውን በጥንቃቄ ቀመሰችው። እዚህ እውነተኛ ድርጊት አለ፤ ማንኪያ ተነስቷል፣ ምላስ ነክቷል። ስለዚህ ተውሳከ ግስ መጣ። አንድ ግስ፣ ሁለት ሥራ።

«ሉክ»ም እንዲሁ ነው። «ሺ ሉክድ አንግሪ» ማለት የተቆጣች ትመስል ነበር ማለት ነው። «ሺ ሉክድ አንግሪሊ አት ዘ ዌይተር» ማለት ደግሞ አስተናጋጁን በቁጣ አየችው ማለት ነው። በመጀመሪያው ፊቷ ነው የሚታየው። በሁለተኛው የምታየው እሷ ናት።

መለያው ቀላል ነው። ግሱን አውጥታችሁ በ«ኢዝ» ወይም በ«ዋዝ» ተኩት። «ዘ ሱፕ ኢዝ ጉድ» ያስኬዳል። «ሺ ዋዝ አንግሪ» ያስኬዳል። ስለዚህ ቅጽል። «ሺ ዋዝ አንግሪሊ አት ዘ ዌይተር» ግን ፈረሰ። ስለዚህ እዚያ ያለው «ሉክድ» እውነተኛ ድርጊት ነው።

«ዘ ዶግ ስሜልስ ባድ» እና «ዘ ዶግ ስሜልስ ባድሊ» የሚሉትንም አስቡ። የመጀመሪያው ውሻው ይሸታል ማለት ነው። ሁለተኛው ቃል በቃል ከተወሰደ የውሻው አፍንጫ በደንብ አያሸትም ማለት ነው።

አራተኛ፦ የ«ሊ»ን ጠባይ እወቁ

አሁን ወደ ጭራው እንምጣ። «ሊ» የሚያያዝበትን ቃል ካያችሁ ጠባዩ ይገባችኋል። ቅጽል ላይ ሲቀጠል ብዙ ጊዜ ተውሳከ ግስ ይወጣል፦ «ስሎው» «ስሎውሊ»፣ «ኩዊክ» «ኩዊክሊ»። ስም ላይ ሲቀጠል ግን የሚወጣው ብዙ ጊዜ ቅጽል ነው። «ፍሬንድ» ስም ነው፣ «ፍሬንድሊ» ቅጽል። «ኮስት» ስም ነው፣ «ኮስትሊ» ቅጽል። «ካወርድ» ፈሪ ነው፣ «ካወርድሊ» የፈሪ። ስለዚህ ሊውን ቁረጡና የቀረውን እዩ። ስም ከቀረ ተጠንቀቁ።

ምክንያቱ ከጥንቱ እንግሊዝኛ የመጣ ነው። ያኔ ሁለት የተለያዩ ጭራዎች ነበሩ። ቅጽል የሚያወጣው «ሊች»፣ ተውሳከ ግስ የሚያወጣው ደግሞ መጨረሻው ላይ አንድ ተነባቢ ያልሆነ ድምፅ የሚጨምረው «ሊቼ» ነበር። በዘመናት ውስጥ ድምፆቹ ተሸርሽረው ሁለቱም «ሊ» ሆኑ። ዛሬ አንድ የሚመስሉት ጭራዎች በልደታቸው ሁለት ናቸው።

«ላቭሊ»፣ «ሎንሊ»፣ «አግሊ»፣ «ሲሊ» እና «ኤልደርሊ»ም ቅጽሎች ናቸው፤ በቃላቸው ያዟቸው። ከነዚህ ተውሳከ ግስ ለማውጣት ሌላ ሊ መደረብ አይመከርም። «ሂ ስማይልድ ፍሬንድሊ»ም አይባልም። መውጫው «ሂ ስማይልድ ኢን ኤ ፍሬንድሊ ዌይ» ነው። ወዳጅነት ባለው መንገድ ፈገግ አለ። «ዴይሊ»፣ «ዊክሊ»፣ «መንዝሊ» እና «ኧርሊ» ደግሞ ለሁለቱም ያገለግላሉ። «ኤ ዴይሊ ኒውስፔፐር» ላይ ቅጽል ነው። «ዊ ሚት ዴይሊ» ላይ ተውሳከ ግስ ነው።

የአጻጻፉን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ቃሉ ዋይ በሚባለው ፊደል ካለቀ ዋይ ወደ አይ ይቀየርና ሊ ይከተላል፤ «ሃፒ» «ሃፒሊ» እንደሚሆነው። ተነባቢ ከፊቱ ያለው ኤል ኢ ላይ ካለቀ ኢ በዋይ ይተካል፤ «ጀንትል» «ጀንትሊ»። በአይ ሲ ያለቀ ከሊ በፊት ኤ ኤል ይጨምራል፤ «ቤሲክ» «ቤሲካሊ»። «ፐብሊክ» ግን እንቢ ብሎ «ፐብሊክሊ» ይሆናል። «ትሩ» ደግሞ ኢውን ጥሎ «ትሩሊ»።

ሊ የሌላቸው ተውሳከ ግሶችም ብዙ ናቸው። «ቬሪ»፣ «ሱን»፣ «ናው»፣ «ሂር»፣ «ኦልዌይስ»፣ «ኔቨር»፣ «ኦፍን»። እነዚህ ብዙም አያደናግሩም፤ ስምን የሚገልጽ ተመሳሳይ ቃል አጠገባቸው ስለሌለ።

አምስተኛ፦ መንታዎቹን ተጠንቀቁ

«ፋስት»፣ «ሃርድ»፣ «ሌት»፣ «ሃይ»፣ «ኒር»። እነዚህ ቃላት ሳይለወጡ ሁለቱንም ሥራ ይሠራሉ። «ኤ ፋስት ካር» ላይ መኪናው ነው ፈጣኑ። «ሂ ራንስ ፋስት» ላይ ሩጫው ነው። «ፋስትሊ» የሚባል ቃል ዛሬ ማንም አይጠቀምም። ብዙዎቹ ከጥንቱ ተውሳከ ግስ የመጨረሻዋ ድምፅ ስትጠፋ ከቅጽሉ ጋር አንድ ሆነው የቀሩ ናቸው።

ችግሩ ከፊሎቹ ሊ ያለው መንታ አላቸው፤ መንታው ደግሞ ሌላ ትርጉም ይዟል። አደገኛው «ሃርድ» እና «ሃርድሊ» ነው። «አይ ወርክድ ሃርድ» ማለት ጠንክሬ ሠራሁ ማለት ነው። የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አሁን የሊን ሕግ ያስታውስና «አይ ሃርድሊ ወርክድ ኢን ማይ ላስት ጆብ» ብሎ ይጽፋል። የጻፈው ምን መሰላችሁ? በመጨረሻው መሥሪያ ቤቴ ሥራ ሠርቻለሁ ለማለት ይከብዳል። «ሃርድሊ» «እምብዛም»፣ «የለም ማለት ይቻላል» ነው። ከውስጡ አሉታ ስላለው ሌላ አሉታም አይፈልግም። ቀጣሪው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ላያነበው ይችላል። አሜሪካም ሆናችሁ ዱባይ፣ ማመልከቻ ከመላካችሁ በፊት ይህችን ቃል ፈልጉና አረጋግጡ።

«ሌት» ዘግይቶ ነው፣ «ሌትሊ» ሰሞኑን። «ኒር» ቅርብ፣ «ኒርሊ» ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። «ሃይ» ከፍ ብሎ፣ በቦታ፤ «ሃይሊ» እጅግ። «ሌት» ራሱ እንዴት ሥራ እንደሚቀያይር እዩ። «ሂ ኦልዌይስ ካምስ ሌት» ላይ መምጣቱን ይገልጻል፤ ተውሳከ ግስ ነው። «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ሌት» ላይ ሰውየውን ይገልጻል፤ ቅጽል ነው። «ዘ ሌት ፕሬዚደንት» ላይ ደግሞ ሟቹ ፕሬዚዳንት ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ስብሰባ ላይ ለዘገየ ሰው አትጠቀሙበት።

ስድስተኛ፦ ከስም በፊት ሁለት ቃል ሲደረደር

አማርኛ «አዲስ የተቆላ ቡና» ይላል። ተማሪው ቃል በቃል ሄዶ «ፍሬሽ ሮስትድ ኮፊ» ይጽፋል። «አዲስ» ግን እዚህ የሚገልጸው «የተቆላ» የሚለውን ነው፤ ከተቆላ ገና መሆኑን። «ሮስትድ» ደግሞ ቅጽል ሆኖ ነው የቆመው። ቅጽልን የሚገልጸው ተውሳከ ግስ ስለሆነ «ፍሬሽሊ ሮስትድ ኮፊ» ይባላል። «አዲስ የተሠራ ቤት»ም «ኤ ኒውሊ ቢልት ሃውስ» ነው።

መለያው፣ ሁለቱን ቃላት አንድ በአንድ ከስሙ ጋር ብቻቸውን ማቆም ነው። «ኤ ቢዩቲፉል ኦልድ ቸርች» ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ውብም አሮጌም ነው። ሁለቱም ቅጽል። «ኤን ኤክስትሪምሊ ኦልድ ቸርች» ላይ ግን «ኤክስትሪምሊ ቸርች» አይባልም። ቃሉ ያለው ለ«ኦልድ» ነው። አማርኛው «በጣም» የሚገባበት ቦታ ሁሉ እንደዚሁ ነው።

ሰባተኛ፦ «ጉድ»፣ «ዌል» እና የመንገድ ላይ እንግሊዝኛ

«ጉድ» ቅጽል ነው፤ ተውሳከ ግሱ «ዌል»። እስካሁን ቀላል ነው። ነገር ግን «ዌል» ስለ ጤና ሲሆን ራሱ ቅጽል ይሆናል። ሐኪም ቤት ገብታችሁ «አይ ዶንት ፊል ዌል» ስትሉ ጤና አይሰማኝም ማለታችሁ ነው። «አይ ፊል ጉድ» ደግሞ ስሜቴ ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል ወደሚለው ያጋድላል። «አይ ፊል ባድ» አዝናለሁ፣ ከፍቶኛል ነው። አንዳንድ ሰው ትክክል መስሎት «አይ ፊል ባድሊ» ይላል፤ «ሦስተኛ» ላይ ያየነውን የ«ኢዝ» መለያ ብትሞክሩ ግን «ባድ» መሆኑን ታገኙታላችሁ።

አሜሪካ ያላችሁ ጎረቤታችሁ «ሪል ጉድ» ሲል፣ «አይ ዲድ ጉድ» ሲል ትሰማላችሁ። መንገድ ላይ «ድራይቭ ስሎው» የሚል ምልክት ታያላችሁ። አፕል እ.ኤ.አ. በ1997 «ቲንክ ዲፈረንት» የሚል ማስታወቂያ ይዞ ሲወጣ «ዲፈረንትሊ መሆን ነበረበት» ብለው የተከራከሩ ብዙ ነበሩ። ይህ ሁሉ ሕያው እንግሊዝኛ ነው። «ስሎው» በተውሳከ ግስነት የቆየ አገልግሎት ስላለው መዝገበ ቃላትም ይቀበለዋል። የእኔ ምክር ግን ግልጽ ነው። ስትሰሙ አትደናገጡ፤ ስትጫወቱም እንደ አካባቢው ተናገሩ። የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ የቪዛ ቋንቋ ፈተና ወይም የሥራ ደብዳቤ ሲሆን ግን «ሪሊ ጉድ»፣ «አይ ዲድ ዌል» እና «ስሎውሊ» ጻፉ።

ሲወዳደርም አንድ ነገር ያዙ። ቅጽል ላይ ሊ ተቀጥሎ የወጡ ተውሳከ ግሶች «ሞር» ይቀድማቸዋል፦ «ሞር ኩዊክሊ»። ሊ የሌላቸው አጫጭሮቹ ብዙ ጊዜ ኧር ይጨምራሉ፦ «ፋስተር»። «ጉድ»ም «ዌል»ም ሲወዳደሩ «ቤተር» ስለሚሆኑ እዚያ ላይ መሳሳት አይቻልም።

አሁን ሞክሩት

መልሱን ከማየታችሁ በፊት ደብተር ላይ ጻፉና ቀስት አድርጉ።

1. «ዘ ቤቢ ስሌፕት…» ፒስፉል ወይስ ፒስፉሊ?
2. «ዘ ሚልክ ስሜልስ…» ሳወር ወይስ ሳወርሊ?
3. «ኤ… ቺፕ ፎን» ሰርፕራይዚንግ ወይስ ሰርፕራይዚንግሊ? ማለት የተፈለገው ርካሽነቱ እንደሚገርም ነው።
4. «ሂ ስቴይድ…» ካልም ወይስ ካልምሊ?
5. «ዘ ትሪ ግሩ…» ኩዊክ ወይስ ኩዊክሊ?
6. «ዘ ቺልድረን ግሩ…» ኳየት ወይስ ኳየትሊ? ማለት የተፈለገው ልጆቹ ጸጥ አሉ ነው።

የመጀመሪያው «ፒስፉሊ» ነው፤ እንቅልፉ ነው ሰላማዊ የሆነው። ሁለተኛው «ሳወር»፤ ወተቱ ነው የኮመጠጠው፣ በ«ኢዝ» ተኩትና እዩት። ሦስተኛው «ሰርፕራይዚንግሊ»፤ የሚያስገርመው ስልኩ ሳይሆን ርካሽነቱ ነው። አራተኛው «ካልም»፤ ሰውየው ተረጋግቶ ቆየ፣ የተረጋጋው እሱ ነው። አምስተኛው «ኩዊክሊ»፤ ዛፉ በእርግጥ አድጓል፣ እድገቱም ፈጣን ነበር። ስድስተኛው ግን «ኳየት» ነው። ግሱ ከአምስተኛው ጋር አንድ ቢሆንም ልጆቹ እዚህ ቁመት አልጨመሩም። «ግሩ» እዚህ «ሆኑ» ማለት ነው፤ ቀስቱም ወደ ልጆቹ ይሄዳል።